ባንድ ዩሮ ቤት ልንገዛ የሄድን ጊዜ

ደላላው ንግግሩን ሁልጊዜ በአንድ ቀልድ ነበር የሚጀምረው። «ጣሊያኖች ሊገዙን መጥተው ነበር፤ አሁን ተራው የኛ ነው፣ ሄደን እንገዛቸዋለን!» ይልና ሰው እስኪስቅ ይጠብቃል። መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ባለ አንድ ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ሰብስቦን ሲናገረው ሰው ከልቡ ሳቀ። እኔም ፈገግ ብያለሁ፣ አልዋሽም። ሲደጋግመው ግን ቀልዱ እንደ ከረመ ወጥ ኮመጠጠኝ።

እሱ ደላላ መባል አይወድም፣ «ሪልተር» ነኝ ነው የሚለው። ሃውቶርንና አካባቢው ላሉ ሐበሾች ቤት ያሻሽጣል። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆሞ ሰው ያስተናግዳል። ስለዚህ ቤት ፈላጊውም መዳን ፈላጊውም በአንድ በር ነው የሚገባለት። ያን ቀን ከጸሎት በኋላ የሰበሰበን «ቪዥን» ሊያካፍለን ነበር። ቪዥኑ ይኸውላችሁ፦ ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ተራራ ላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። ወጣቱ ሁሉ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጀርመን ነቅሎ ስለ ሄደ ባዶ የቀሩትን ቤቶች ማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ዩሮ ይሸጣል። ባንድ ዩሮ! ደላላው ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ፎቶ እየቀያየረ አሳየን። የድንጋይ ቤት፣ ሰማያዊ መስኮት፣ ከሩቅ ብልጭ የሚል ባሕር። «ሎስ አንጀለስ ውስጥ መኪና ፓርክ የምታደርጉበት ብር እዚያ ቤት ይገዛል» አለ። አንዱ «አሜን!» ብሎ ጮኸ። እውነቴን ነው፣ አሜን አለ።

እኔ የተጠራሁት ብር ስላለኝ አይደለም፣ ጣሊያንኛ ስለምችል ነው። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ከመግባቴ በፊት ሰሜን ጣሊያን ውስጥ አንዲት ባለጠጋ አሮጊት ቤት እየኖርኩ አስታምም ነበር። ይህን ሥራ የሚሠራውን ሰው «ባዳንቴ» ይሉታል፣ ጠባቂ እንደ ማለት ነው። በኛ ቤት ጠባቂዋ እሷ ነበረች። ስኳሩን፣ መብራቱን፣ የምታጠብበትን ሙቅ ውሃ ሳይቀር ከኔ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ቋንቋውን የተማርኩት ከስድብ ጀምሬ ነው። አሁን ፓሳዴና ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። አሮጊቶቹ ያው ናቸው፣ ስድቡ ብቻ እንግሊዝኛ ሆነ።

«ትኬትሽን እኛ እንችላለን፣ አንቺ መተርጎም ብቻ ነው» አለኝ ደላላው። የዓመት ፈቃድ ነበረኝ። ዳግመኛ እግሬ አይረግጣትም ያልኳትን አገር በሰው ወጪ ሄጄ ብታዘባት ምን ይጎድልብኛል ብዬ እሺ አልኩ።

አሜን ያለውን ጨምሮ አብዛኛው ተሰብሳቢ ትኬት ሲባል ቀረ። የጸኑት ሁለት ናቸው። አንዷ የዚያው ምግብ ቤት ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ። አሜሪካ እንደ ገባሁ እሳቸው ዘንድ ሳህን አጥቤያለሁ። ደመወዜ ከቀን የተረፈ ወጥና ምክር ነበር። እትዬ ነጋ ጠባ «ሠራተኛ ጠፋ፣ የዛሬ ልጅ መሥራት አይወድም» ይላሉ። ይህን ለኔው ለራሴ ይነግሩኛል። ወይ ረስተውኛል፣ ወይ ምክሩ አጥግቦኝ የሄድኩ መስሏቸዋል።

ሌላው ጋሼ ናቸው። አሜሪካ የኖሩበትን ዘመን በሙሉ ኤርፖርት አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሃውቶርን ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ይኖራሉ፣ ኪራዩም በየዓመቱ ከጡረታቸው ቀድሞ ይሮጣል። የራሴ የሚሉት ቤት ኖሯቸው አያውቅም። ለምን እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው «እስቲ ባንድ ብር የሚሸጥ ነገር ምን እንደሚመስል ልየው፤ ከተወለድኩ አላየሁም» አሉኝ።

ሮም ስንወርድ ደላላው ሰማያዊውን የአሜሪካ ፓስፖርት ከኪሱ አወጣና መልሶ አልከተተውም። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ፣ ነዳጅ ማደያ ላይ፣ ሳንድዊች የገዛንበት ቦታ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው ቁጭ ያደርገዋል።

«ምነው፣ ቢጠፋብህስ?» አሉት ጋሼ።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ሐበሻ ሲያዩ ስደተኛ ነው የሚመስላቸው። ቀድሞ ማሳየት ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ስደተኛ አይደለንም እንዴ?»

«እኛ ኢንቨስተር ነን» አለ ደላላው።

የተከራየነውን መኪና ድራይቭ ያደረገው እሱ ነው። መንገዱ ተራራውን እየዞረ ይወጣል፣ እትዬ በየመታጠፊያው በኢየሱስ ስም ይላሉ። ከተማዋ ፎቶው ላይ ካየናት ጋር አንድ ናት። ፎቶው ያልተናገረው ጸጥታዋን ብቻ ነው። በር ሁሉ ዝግ ነው፣ ደረጃው ላይ ድመት ተኝቷል። ግድግዳ ላይ አዲስ የተለጠፈ ወረቀት ካለ እሱ የሞት ማስታወቂያ ነው። እነሱ አገር ሰው ሲሞት ስሙን በትልቁ ጽፈው መንገድ ላይ ይለጥፋሉ። ከተማዋ ያላት ትኩስ ዜና ያ ነበር።

ከንቲባው ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ይጠብቀን ነበር። የከንቲባነቱን ባለ ሦስት ቀለም ጨርቅ በደረቱ አሻግሮ፣ ባንድ እጁ ትንሽ የአሜሪካ ባንዲራ ይዞ፣ አጠገቡ ካሜራ ያነገተ ሰው አቁሞ። ከመኪናው ስንወርድ ፈገግታው እንዳለ ቀረ። ዓይኑ ግን ከኛ አልፎ ሄዶ ከኋላችን ሌላ መኪና ይፈልጋል። ሌላ መኪና አልመጣም። ወደኔ ጠጋ አለና ዝቅ ባለ ድምፅ «ሲኞራ፣ አሜሪካኖቹ ከኋላ ናቸው?» አለኝ።

«አሜሪካኖቹ እኛ ነን» አልኩት።

«የሎስ አንጀለሶቹ?»

«የሎስ አንጀለሶቹ።»

ደላላው ፓስፖርቱን እያሳየ መጣ። ከንቲባው ፓስፖርቱን አየ፣ የደላላውን ፊት አየ፣ መልሶ ፓስፖርቱን አየ። ከዚያ ባንዲራዋን ከፍ አድርጎ «ዌልካም!» አለ። ደላላው «ቀድሞ ምን ብሎሽ ነው?» ሲለኝ «እንኳን ደህና መጣችሁ ነው ያለው» አልኩት። በዚያ ጉዞ ላይ ያለሰለስኩለት ብቸኛ ቃል እሱ ነው። እንዳበላሸሁ የገባኝ ወዲያው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሰው ማለስለስ እሳት ላይ ቅቤ መጨመር ነው።

ቤቶቹን ልናይ ወጣን። የመጀመሪያውን በር ከንቲባው በትከሻው ገፍቶ ከፈተው። ጣሪያ የለውም። መኝታ ቤት የነበረው ክፍል መሃል ወፍራም የበለስ ዛፍ በቅሎ በጣሪያው ቦታ ወጥቷል።

«ኦ ማይ ጋድ» አለ ደላላው፣ «ናቹራል ላይቱ!»

ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቻለሁ። ይኸኛው ቤት ሰማዩን ጨምሮ ነው የሚሸጠው። ከንቲባው እየዞረ ውሉን አስረዳን። አንድ ዩሮዋ የምትገዛው ቤቱን የማደስ ግዴታን ነው። ገዢው ለማዘጋጃ ቤቱ መያዣ ገንዘብ ያስቀምጣል። በተባለው ጊዜ ካላደሰ መያዣው ይቀራል፣ ቤቱም ይመለሳል። ይህን አንድ በአንድ ተረጎምኩ። እትዬ ወጥ ቤት የነበረውን ጥግ እያዩ «እዚህ ደህና ሠራተኛ ይገኝ ይሆን?» አሉ። ደላላው የበለሱን ዛፍ ተደግፎ ራሱን ፎቶ ያነሳል።

ጋሼ በሁሉም ቤት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። «ሰዎቹ ወዴት ሄዱ?»

«ሥራ የለም፣ ሲኞሬ» ይላል ከንቲባው። «ወጣቱ ተሰደደ። ልጅ አይወለድም። ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። የኛ ዓይነት ከተሞች ሁሉ ችግራቸው ይኸው ነው።» ሲናገረው ስለ በረዶና ስለ ድርቅ የሚያወራ ይመስላል፣ ማንም ያላመጣው፣ ከላይ የወረደ ነገር።

እነሱ ፎቶ እየተነሱ ሲዘገዩብኝ እኔ አደባባዩ ላይ ወዳለችው ቡና ቤት ወረድኩ። ከተማው ውስጥ ክፍት ሆኖ ያየሁት ብቸኛ በር የሷ ነው። ከባንኮኒው ኋላ የነበሩት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ቀና ብለው ሲያዩኝ የያዙት መጥረጊያ ጨርቅ ከእጃቸው ወደቀ። ዞረው መጡና አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

«ተመለስሽ! ተመለስሽ! ልጆቹስ የት አሉ?»

ከዚያ ገፋ አድርገው አዩኝና ፊታቸው ተለወጠ። «ይቅርታ፣ ሲኞራ። ሌላ ሰው መሰልሽኝ።»

እኔ ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር። ሁላችሁም አንድ ናችሁ መባል ያ አገር ካስተማረኝ ነገሮች የመጀመሪያው ነው። ነገር ግን ሴትዮዋ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ቡናዬን አቅርበው፣ ወንበር ስበው፣ ያቺ የተመሳሰልኳት ሴት ማን እንደሆነች ነገሩኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መንግሥት ስደተኛ ቤተሰቦችን እዚህ ከተማ አስፍሮ ነበር። ከኛ አገር፣ ከኤርትራ፣ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ናቸው። ባዶዎቹ ቤቶች ውስጥ ነው የሰፈሩት፣ ያኔ ጣሪያ በነበራቸው ቤቶች። ወንዶቹ የወይራ ፍሬ ይለቅማሉ፣ ተራራው ላይ የፈረሰውን የእርከን ግንብ ይክባሉ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤቱን ሞሉት፣ ልትሄድ የነበረችው አስተማሪም ቀረች። ዳቦ ጋጋሪው ማለዳ ይነሳ ጀመር። ያቺ የኔ አገር ሴት ጧሪ የሌላቸውን አሮጊቶች ታጥብ፣ ታበላ ነበር። ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሲወጡ እዚህ ቡና ቤት ገብተው የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ።

«እና?» አልኩ።

«እና ምርጫ መጣ። ይኸው ከንቲባ ‹መጀመሪያ ለራሳችን ሰው› የሚል ወረቀት በየግድግዳው ለጠፈ። አሸነፈ። ውሉን አላድስም አለ። አንድ ጠዋት አውቶቡስ መጥቶ ጭኗቸው ሄደ። በመስከረም ልጅ ጎደለ ተብሎ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አስተማሪዋ ሄደች። ዳቦ ጋጋሪው ለማን ልጋግር ብሎ ዘጋ። አሁን ዳቦ ከታች ከተማ በመኪና ነው የሚመጣልን፣ ሾፌሩ ካሰኘው።»

«እርስዎስ መረጡት?»

ሴትዮዋ ባንኮኒውን ጠረጉ። «ባሌ መረጠው» አሉ።

እስከ ዛሬ ካነጋገርኳቸው ሴቶች ውስጥ መጥፎ ከንቲባ የመረጠች አላጋጠመችኝም። ሁሉንም የሚመርጧቸው ባሎች ናቸው።

ሽቅብ ስመለስ ጋሼ ደረጃው ላይ አረፍ ብለው አገኘኋቸው። የሰማሁትን ነገርኳቸው። «ክንዴን ያዢኝ» ብለው ተነሱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ስለ አንዲት ሞኝ ሴት ነው። ይህ ከንቲባ ግን የብብቱን የጣለው ቆጥ በሌለበት ነው።

ምሳው ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተሰናድቶ ነበር። ግድግዳው ላይ «ከተማችንን እናነቃቃ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተዘርግቷል። ፓስታው መጣ፣ በጉ መጣ፣ ወይን መጣ። ወይኑን ደላላው ለምስክርነቱ ሲል ገፋ አደረገው፣ ቆየት ብሎ ለቢዝነሱ ሲል ጎተተው። ከንቲባው ብርጭቆውን ይዞ ተነሳ። የጣሊያን ትንንሽ ከተሞች ሁሉ በኢኮኖሚ እየሞቱ እንደሆነ፣ መፍትሔው ከውጭ የሚመጣ ካፒታል እንደሆነ፣ እሱም ይህን ቀድሞ የተረዳ መሪ እንደሆነ ተናገረ። መጨረሻ ላይ እጁን ወደኛ ዘረጋ።

«በፊት እዚህ ሌሎች ነበሩ፤ ታውቃላችሁ፣ በጀልባ የሚመጡት። እናንተ ግን ሌላ ናችሁ። እናንተ አሜሪካኖች ናችሁ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። አንዲት ፊደል አልጨመርኩም። ደላላው ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ጠረጴዛውን መታ።

«እውነቱን ነው! ንገሪው፣ እኛ እጃችንን ዘርግተን አልመጣንም በይው።»

ነገርኩት። ከንቲባው በደስታ ራሱን ነቀነቀ። እትዬ አጥንት እየጋጡ «እኔ ብሆን አላባርራቸውም ነበር፤ አሠራቸው ነበር» አሉ። ምን እየከፈሉ እንደሚያሠሯቸው እኔ አውቃለሁ።

ጋሼ አፋቸውን በሶፍት ጠረጉ። «እስቲ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። እነዚያ ልጆች እያሉ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነበር?»

ጠየቅኩት። ከንቲባው አጠገቡ ወደ ተቀመጠው ምክትሉ ዞረ፣ ከዚያ ያ የመንግሥት ፕሮጀክት እንደነበር፣ ጉዳዩ ውስብስብ እንደሆነ፣ ሕዝቡ በድምፁ እንደወሰነ ብዙ ተናገረ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ።

«አዎ ነው ያለው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ንገሪልኝ። እኔም ሱዳንን በእግሬ ነው የተሻገርኩት። ካምፕ ኖሬ፣ የሰው እጅ አይቼ ነው አሜሪካ የገባሁት። ጀልባ ያልተሳፈርኩት መንገዴ ላይ ባሕር ስላልነበረ ነው።»

ደላላው ከጠረጴዛው በታች እግሬን መታኝ። «እሱን እንዳትተረጉሚ! ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ቢዝነስ ላይ ነን እኮ።»

«ተርጉሚው» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ተረጎምኩት። ከንቲባው ሳቀና መጥቶ ጋሼን ትከሻቸው ላይ ቸብ አደረጋቸው። «ግን ያ ድሮ ነው! አሁን አሜሪካዊ ነዎት!»

«ወረቀቱ ባይመጣልኝ ኖሮ ይህን ምሳ አልበላም ነበር ማለት ነው» አሉ ጋሼ። ይህን ለማንም ተርጉሚልኝ አላሉም፣ ለራሳቸው ነው የተናገሩት። ከዚያ ወደ ሳህናቸው ተመልሰው የቀረውን ሥጋ አንድ ሳያስቀሩ በሉ፣ ምግብ ጥሎ መነሳት አያውቁም። ሲጨርሱ ኮታቸውን ለበሱ። «ቤቱ ይቅርብኝ። በጉ ጥሩ ነው፣ ላበሰለው ሰው ምስጋናዬን ንገሪልኝ» ብለው ወደ ቡና ቤቷ ወረዱ።

አብሬያቸው ወጣሁ ብል ደስ ባለኝ። አልወጣሁም፣ ትኬቴን የገዛው ደላላው ነው፣ ሥራዬም መተርጎም ነው። ስለዚህ ተቀምጬ ሥራዬን በትክክል ሠራሁ። ከንቲባው ወደ ምክትሉ ጠጋ ብሎ «ይኼ ሰውዬ በእርግጥ ብር አለው?» ሲል ለደላላው ተረጎምኩለት። ደላላው በአማርኛ «ይኼ ገጠሬ ብር አይቶ ያውቃል?» ሲል ለከንቲባው ተረጎምኩለት። ሁለቱም ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። «ትርጉም ብቻ ነው የምትሠሪው ተብዬ ነው የመጣሁት» አልኩ በሁለቱም ቋንቋ። እስከ ፍራፍሬው ድረስ ሁለቱ ሰዎች አንዱ ስለ ሌላው ያለውን ትክክለኛ አስተያየት ሲሰሙ ቆዩ። በማግስቱ ግን ተፈራረሙ። ደላላው ባለ በለስ ዛፉን ቤት፣ እትዬ ጎን ለጎን ያለውን ገዙ። ይናናቃሉ፣ ግን ይገበያያሉ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንዲሉ፣ በዚያ ቀን ሁለት ጅብ ተገናኝቶ አንዱ ለሌላው ቁርበት አነጠፈ።

ወደ ምሳው ቀን ልመለስና፣ ተበልቶ ሲያበቃ ወደ ቡና ቤቷ ስወርድ ጋሼና ሴትዮዋ አንድ ጎድጓዳ ሳህን መሃላቸው አድርገው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ጋሼ የሚያውቁት ጣሊያንኛ ማኪናና ፉርኖ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ አማርኛ የሚያውቁት ከነዚያ ልጆች የሰሙትን «እሺ»ና «ና ብላ»ን ብቻ ነው። እሱን እየተባባሉ ባቄላውን ጨርሰውታል።

ሎስ አንጀለስ ተመለስን። ደላላው በየስብሰባው «ጣሊያን ያለው ቪላዬ» ማለት ጀመረ። ክረምት ገብቶ እዚያ አገር ዝናብ ሲበረታ የቪላው አንድ ግድግዳ መንገድ ላይ ተደረመሰ። ማዘጋጃ ቤቱ ፍርስራሹን ያነሳበትን ሒሳብ ላከለት፣ እሱ ሳይከፍል ጊዜው አለፈ፣ መያዣው በዚያው ቀለጠ። ዛሬ ሲጠየቅ «ኤክስፒሪየንስ ነው» ይላል። አሁን ደግሞ ዛንዚባር ውስጥ ቪዥን አለው።

እትዬ ለማደስ ከልባቸው ሞከሩ፣ ይህን አልነሳቸውም። ግን ግንበኛ ታጣ። የድንጋይ ግንብ መካብ የሚችሉት ወንዶች በዚያ አውቶቡስ ተጭነው ሄደዋል። አንድ ቀን ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤታቸው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸውና «የሚገርምሽ፣ እዚያም ሠራተኛ ጠፍቷል!» አሉኝ።

«ሠራተኛ የትም አልጠፋም፣ እትዬ» አልኳቸው። «እዚያ አባረሩት፣ እዚህ አይከፍሉትም።»

«አንቺ ደግሞ አሜሪካ ምላስሽን አስረዘመችው» ብለው ገቡ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም አሉኝ፣ ግን ጉንጫቸውን አላስነኩኝም።

ጋሼ ምንም ሳይገዙ ተጠቃሚ የሆኑ ብቸኛው ሰው ናቸው። በዓመቱ፣ ብርዱ ሲለቅ፣ ማንንም ሳያማክሩ ትኬት ቆርጠው ሄዱ። ከቡና ቤቷ ፎቅ ላይ ባለ ክፍል ተከራይተው የፀደዩንና የበጋውን ወራት ይቆያሉ። ጡረታቸው እዚያ ይበቃቸዋል፣ የሚበቃ ነገር ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ነው። ገነት የገቡ ይመስል በደስታ የሚያወሩልኝ እንዳይመስላችሁ፤ ይደውሉና ያማርራሉ። «ንገሪያት፣ ዘይቱን ትቀንስ። ቃሪያ የሚባል አያውቁም። ሁሉን ነገር በሎሚ!» እኔ ስልኩ ላይ ሆኜ እተረጉማለሁ፣ ሴትዮዋም በተራቸው ስለ ጋሼ ያማርራሉ፦ ቴሌቪዥን ድምፅ ያበዛሉ፣ ዳቦ እንደ ሰው በቢላ አይቆርጡም። ሁለቱም አንድ ጊዜ እንኳን ክፍሉን ልልቀቅ፣ ክፍሉን ልቀቅልኝ አላሉም።

ያቺ የተመሳሰልኳት ሴት ምን እንደደረሰባት የሰማሁትም ከነሱ ነው። አውቶቡሱ ሩቅ አልወሰዳቸውም። ሸለቆውን ተሻግሮ ባለ ሌላ ከተማ፣ ባሕር የማይታይበት፣ ፎቶ የማያምርበት፣ ማንም ባንድ ዩሮ የማይጠይቀው ቦታ፣ ከንቲባው ኑ ብሎ ተቀበላቸው። ይህ ሰውዬ ንግግር አያውቅም አሉ፤ ልጅ ስጡኝ፣ አስተማሪዬን እንዳላጣ ነው ያለው። ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው። የወይራ መጭመቂያቸው እንደገና ይሠራል። ከኛይቱ ከተማ የቀሩት ጥቂት ልጆችም በየጠዋቱ በአውቶቡስ እየተወሰዱ እዚያ ይማራሉ፣ የከንቲባው የልጅ ልጅ ሳትቀር። የቡና ቤቷ ሴትዮ ይህን ሲነግሩኝ በስልክ ውስጥ ሲስቁ ይሰማኛል። የልጆቹ የአውቶቡስ ዋጋ ለማን እንደሚከፈልና ማን እንደሚከፍለው ከንቲባው አያነሳም፣ ሴትዮዋ ግን እሱ ቡና በጠጣ ቁጥር ያነሱበታል።

ያቺ የኔ አገር ሴት አንድ እሑድ ልጆቿን ይዛ የቡና ቤቷን ሴትዮ ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ጋሼ ደወሉልኝ። «ልጆቹን አየኋቸው» አሉ። «አማርኛው ጠፍቷቸዋል። ሲሳደቡ እንኳን በዚያ በተራራው ጣሊያንኛ ነው። አንቱ አይሉ፣ ምን አይሉ። ጨዋ ልጆች ናቸው ግን።»

«እኔን ትመስላለች?» አልኳቸው።

«ማን? እናትየዋ? አትመስልሽም። እሷ ቆንጆ ናት» አሉና ዘጉት።

በቅርቡ የቡና ቤቷ ሴትዮ አንድ ፎቶ ላኩልኝ። ከንቲባው ሰሜን ውስጥ ሐይቅ ዳር ባለ ትልቅ ሆቴል ተጋብዞ፣ ሰዋቸው ያለቀባቸውን ከተሞች ስለማዳን ንግግር ያደርጋል። ማይክሮፎን ፊት ቆሟል፣ ከኋላው ትልቅ ስክሪን አለ፣ ፊቱ በኩራት አብጧል። ሰው የሌለበትን ከተማ እንዴት እንዳዳነ፣ ሰው ለሞላበት አዳራሽ ያስተምራል። አዳራሹም ማስታወሻ ይይዛል። ከሥሩ «ቅዳሜ ዳቦ አልመጣም» ብለው ጽፈውልኛል፣ ሌላ ምንም የለበትም።

ፓሳዴና መጦሪያው ውስጥ ዕረፍት ላይ ነበርኩ። ብቻዬን ሳቅሁ፣ አብራኝ የተቀመጠችው ፊሊፒናዊት ባልደረባዬ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ። ከየት ልጀምርላት? ማብራራት ስጀምር የአንድ ክፍል ደወል ጮኸ። ባለ ክፍሉ ሽማግሌ ልጆቻቸው ከመጡ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፣ ደወሉን የሚደውሉት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይፈልጉ ነው። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ሄድኩ። መስኮቱን ክፈችልኝ አሉኝ፣ ከፈትኩላቸው፤ ዝጊው አሉኝ፣ ዘጋሁት።